«አፈር አላገኙም እንዴ?» ስለ ፊላደልፊያው የጉድ ቤት

ረጅም ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹን የጻፍኩት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የኛን ስጠቀም እነግራችኋለሁ።

ፊላደልፊያ ደርሶ የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ተሰነጠቀው የነጻነት ደወል ነው። እኛም አይተነዋል። ተሰልፈን፣ ተፈትሸን ገባን፤ አየነው፤ እውነትም ተሰንጥቋል። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። ዛሬ የምጽፈው ከደወሉ ራቅ ብሎ፣ 22ኛው ጎዳና ላይ ስላለ አንድ የጡብ ሕንፃ ነው። የፊላደልፊያ ሐኪሞች ኮሌጅ ይባላል። ኮሌጅ ሲባል ተማሪ የሚማርበት እንዳይመስላችሁ፤ በ1787 የተቋቋመ የሐኪሞች ማኅበር ነው። በውስጡ ሙተር ሙዚየም የሚባል አለ። የተሰበሰበው ነገር አብዛኛው የሰው አካል ነው፦ የራስ ቅል፣ አጽም፣ በጠርሙስ የተቀመጠ ዕጢ፣ ከሰም የተሠራ የበሽተኛ ፊት።

እዚያ የወሰደን የልጄ ልጅ ነው፤ 13 ዓመቱ ነው፣ በዚህ ዕድሜ የሚያስጠላ ነገር ሁሉ ይጣፍጣል። እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ ልጃችን ጋ ክረምቱን ለማሳለፍ መጥተን ነበርና፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንድ ቀን መኪና ሞልተን ሄድን። ልጄ፣ ባሏ፣ ሁለቱ ልጆች፣ እኛ ሁለት ሽማግሌዎች።

ባለቤቴ የራስ ቅሎቹ የተደረደሩበት ግድግዳ ፊት ቆማ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ «እነዚህ ሁሉ አፈር አላገኙም እንዴ?» አለች።

31 ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ከዚህ ያጠረ፣ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ጥያቄ ከተማሪም ከመምህርም ሰምቼ አላውቅም። እያንዳንዱ አጽም ፊት እየቆምን የጠየቅነው ይህንኑ ነው፦ ይሄኛውስ ለምን አፈር አላገኘም? ማን ከለከለው? ወይስ ራሱ ነው እምቢ ያለው? መልሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ የተለያየ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ቤቱ። «ጉድ» የሚለው ቃላችን የሚያስደንቀውንም የሚያሳፍረውንም ይይዛል። «ጉድ እዩ!» ስንል ሰው እንጠራለን፤ «ጉዴ ፈላ» ስንል ደግሞ የምንደበቅበት እንፈልጋለን። ለእንዲህ ያለ ቦታ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁም። የጉድ ቤት ታሪክ በዚያች ከተማ ከሙተር በፊት ይጀምራል። ቻርልስ ዊልሰን ፒል የሚባል ሠዓሊ በ1780ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ ሙዚየም ከፍቶ ነበር፤ ቆዳቸው ተገፎ የተሞሉ ወፎችና አራዊት ያሳይ ነበር። በ1801 ደግሞ የማስቶዶን፣ ማለትም ከምድር የጠፋ የዝሆን ዘመድ፣ አጽም አስቆፍሮ አቆመ። የፒል ሐሳብ ሕዝቡን ማስተማር ነበር።

ከሱ በኋላ የመጣው ባርነም ግን ነጋዴ ነው። ባርነም ወደዚህ ንግድ የገባው በ1835 በአንዲት ሴት ነው። ጆይስ ሄት ትባላለች፤ ዓይነ ስውር፣ ሰውነቷ የማይታዘዝላት፣ በባርነት ላይ ያለች አሮጊት ነበረች። «የጆርጅ ዋሽንግተን ሞግዚት ናት፣ ዕድሜዋ 161 ነው» እያለ ከከተማ ከተማ እያዞረ በገንዘብ አሳያት። በሚቀጥለው ዓመት ሞተች። ሞታም አልተዋትም። ኒውዮርክ ውስጥ አስከሬኗ በሕዝብ ፊት እንዲከፈት አደረገ፤ መግቢያ 50 ሳንቲም፣ የገባው ሰው 1,500 ያህል። የከፈታት ሐኪም ዕድሜዋ ከ80 አይበልጥም አለ። ሰውየው በዚህ ያፍራል ብላችሁ ከሆነ አላፈረም፤ በ1841 ኒውዮርክ ላይ ትልቁን ሙዚየሙን ከፈተ፣ በለጸገም። ይህን ያነሳሁት የሙተር ሰዎች እንደ ባርነም ናቸው ለማለት አይደለም። ግን ሁለቱም በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ ሰውን መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ነውር ባልነበረበት ጊዜ የተወለዱ ናቸው፤ ይህን ሳያስታውሱ እዚያ መግባት አይቻልም።

ቶማስ ሙተር በ1811 ተወለደ፤ በልጅነቱ እናትና አባቱን አጣ፤ ሕክምና ተማረ፤ ቀዶ ሕክምና ለማየት ፓሪስ ሄደ። ሲመለስ የስሙ አንድ ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ ጨመረበት፣ አውሮጳዊ እንዲመስል። (እኛም አገር ስድስት ወር ውጭ ቆይቶ «እኔ አማርኛው ትንሽ…» የሚል አለ፤ ነገሩ አዲስ አይደለም።) ሰውየውን የወደድኩት ግን በሌላ ነው። የሚያክመው ሰው «ጭራቅ» ብሎ የሚሸሻቸውን ነበር፦ እሳት ፊታቸውን ያቀለጠውን፣ አገጫቸው ከደረታቸው ጋር የተጣበቀውን። ከአንገትና ከትከሻ አካባቢ ጤነኛ ቆዳ ሳይቆርጥ ገልጦ፣ አዙሮ፣ የተቃጠለውን ቦታ ይሸፍንበታል። ይህ ዘዴ ዛሬም በስሙ ይጠራል። መጀመሪያ ይህን ሲያደርግ ማደንዘዣ ገና አልነበረም፤ ኤተር በ1846 ሲመጣ በፊላደልፊያ ቀድመው ከተጠቀሙት አንዱ እሱ ነው።

ከሰበሰባቸው ነገሮች አንዱ ማዳም ዲማንሽ የተባለች ፈረንሳዊት አሮጊት የሰም ፊት ነው። ከግንባሯ ወደ ታች የወረደ ቀንድ አላት፤ 25 ሳንቲ ሜትር ያህላል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ይህን ስታይ «አባባ፣ ፎቶሾፕ ነው?» አለችኝ። አይደለም። ሴትየዋ ነበረች፤ ቀንዱም ተቆርጦላት ድናለች።

ሙተር በ1858 ወደ 1,700 የሚጠጋ ዕቃና 30,000 ዶላር ለሐኪሞቹ ማኅበር ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት በ48 ዓመቱ ሞተ። ሙዚየሙ የተከፈተው በ1863 ነው፤ አገሪቱ እርስ በርስ እየተዋጋች ሳለ። በጊዜው መግቢያ ቆርጦ የሚያይ ሕዝብ ታስቦ አልነበረም፤ ለሐኪምና ለተማሪ ነው የተሠራው። መጽሐፍ ላይ የማይገኝን በሽታ በዓይን ለማየት።

አሁን ወደ ባለቤቴ ግድግዳ እንመለስ። የራስ ቅሎቹ 139 ናቸው። የሰበሰባቸው ጆሴፍ ሂርትል የሚባል የቪየና የአካል ጥናት ሊቅ ነው፤ ፊላደልፊያዎች በ1874 ገዙት። አብዛኞቹ ቅሎች ላይ ጽሑፍ አለ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ አሟሟት። ጂሮላሞ ዚኒ፣ 20 ዓመት፣ ገመድ ላይ የሚሄድ ትርዒተኛ፣ አንገቱ ተሰብሮ። ፍራንቺስካ ሴይኮራ፣ 19 ዓመት፣ በቪየና የታወቀች ሴተኛ አዳሪ፣ በማጅራት ገትር። ስትቆሙና ስታነቡ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ይታያችኋል፤ ወታደር አለ፣ የታሰረ አለ፣ ራሱን ያጠፋ አለ። ከነዚህ አብዛኛው ድሃ ነው። ሬሳውን የሚጠይቅለት ዘመድ ያለው ሰው ቅሉ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። የባለቤቴ ጥያቄ ግማሽ መልስ ይህ ነው፦ አፈር ያላገኙት ቀባሪ ያጡ ናቸው።

ግማሽ መልስ ያልኩት፣ ሂርትል የሰበሰበበት ምክንያት ስላለ ነው። በዚያ ዘመን የራስ ቅልን ቅርጽ አይቶ የሰውን ጠባይና አእምሮ እናውቃለን የሚሉ ነበሩ። ሂርትል ያን ለመቃወም ነው ቅል የለቀመው፤ በአንድ አካባቢ፣ ከአንድ ወገን የተወለዱ ሰዎች እንኳን ቅላቸው ይህን ያህል ይለያያል፣ ስለዚህ ከቅል ጠባይ አይነበብም ለማለት። በዚያችው በፊላደልፊያ ደግሞ ሳሙኤል ሞርተን የሚባል ሐኪም በተቃራኒው ተጠምዶ ነበር። ከዓለም ዙሪያ ቅል እያስመጣ፣ ከመቃብር እያስወጣ፣ በዘር ፍሬ እየሞላ፣ ኋላም በእርሳስ ጥይት እየሞላ ስፋቱን ለካ። ለክቶም ሰውን በዘር ደረጃ አወጣለት፤ ነጭ ከላይ፣ ጥቁር ከታች። በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ ባርነትን የሚደግፉ ሰዎች ደስ ተሰኙ። የሞርተን ቅሎች ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ገቡ፤ ዩኒቨርሲቲው በ2021 ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2024 የ19 ጥቁር ፊላደልፊያውያን ቅል መቃብር ወረደ። አስቡት፦ አንዱ ቅል ለቅሞ «ሰው እኩል ነው» ይላል፣ አንዱ ቅል ለቅሞ «አይደለም» ይላል። የሞቱት ግን ለሁለቱም አልተጠየቁም።

ልጁን (13 ዓመቱን ማለቴ ነው) «ተመልከት፣ ጽሑፉን ማን እንደጻፈው ጠይቅ» አልኩት። «አባባ፣ ቫኬሽን ላይ ነን» አለኝ። እውነቱን ነው።

ግን እዚያው ውስጥ ያንን የምታስተምር አንዲት ሴት አለች። የሳሙናዋ እመቤት ይሏታል። በ1875 ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ አሮጌ መቃብር ሲነሳ የወጣች ናት። የሰው ገላ እርጥብና አየር የማያገኝ አፈር ውስጥ ሲቆይ ስቡ አንዳንድ ጊዜ ወደ ሳሙና መሰል ነገር ይለወጣል፤ ይህችም ከላይ እስከታች እንዲያ ሆናለች። ለሙዚየሙ ያስገባት ጆሴፍ ሌዲ፣ በጊዜው የታወቀ ሳይንቲስት፣ በ1792 በቢጫ ወባ የሞተች ናት አለ፤ ስምም ሰጣት። ያ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ታመነ። እንግዲህ የታሪክ ተማሪዎቼ፣ ከተማዋን ያጠፋው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ የገባው በ1793 ነው፤ 5,000 ያህል ሰው የሞተበት። ቀኑ ገና ከመነሻው ጎርብጧል። በ1980ዎቹ በኤክስሬይ ሲያነሷት ልብሷ ላይ የነበሩ ስፒሎችና ቁልፎች ታዩ። ከ1820ዎቹ በፊት ያልተሠሩ ዓይነት ናቸው። ሊቁ የጻፈው ቀረ፣ ቁልፏ መሰከረላት። ስሟ ግን የለም። አፈር አግኝታ ነበር፤ ከአፈር አወጧት።

ቁመቱ 2 ሜትር ከ29 የሆነው አጽም ደግሞ ከሁሉም ያሳዘነኝ ነው። ግዙፉ ሰውዬ ይባላል። በ1877 ከኬንታኪ የተገዛ ነው፤ ሻጩ የጠየቀው አንድ ነገር፣ ማንነቱና ከየት እንደመጣ እንዳይጠየቅ። ገዢዎቹም እሺ አሉ። ሐኪሞች ናቸው፣ ሊቃውንት ናቸው፣ ግን አትጠይቁ ሲባሉ አልጠየቁም። አማቼ (ሆስፒታል ነው የሚሠራው፣ ወሬ አያበዛም) ይህን አንብቦ «አባባ፣ ይሄ ሰው ተገድሎ ቢሆንስ?» አለኝ። ምን ብዬ እመልሳለሁ?

ስለ ቻንግና ኤንግ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ታይላንድ ሲያም ትባል በነበረችበት ጊዜ፣ በ1811፣ ደረታቸው ላይ ተጣብቀው የተወለዱ መንትዮች ናቸው። በ1829 ነጋዴዎች ወደ አሜሪካ አምጥተው አሳዩዋቸው። 21 ዓመት ሲሞላቸው ግን ነጋዴዎቹን ተሰናብተው ትርዒቱን ራሳቸው ይመሩ ጀመር። ገንዘብ ያዙ፤ ሰሜን ካሮላይና ላይ መሬት ገዙ፤ ሁለት እኅትማማቾች አገቡ፤ በድምሩ 21 ልጅ ወለዱ። ይህን ስሰማ «ጎበዞች!» ብዬ ሳልጨርስ የሚቀጥለው መጣ፦ ባሪያም ገዙ። ሰው ነግዶባቸው ያደጉ ሰዎች። ታሪክ ሲባል ቅዱስ የሚፈልግ ሰው ሁሌ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚሰናከለው።

በጥር 1874 ቻንግ ሌሊት ሞተ። ኤንግ ነቅቶ ወንድሙን ሞቶ አገኘው፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እሱም ተከተለው። የፊላደልፊያ ሐኪሞች ከቤተሰቡ ጋር ተደራድረው አስከሬናቸውን አስመጡ፤ መረመሩ፤ ቅርጻቸውን በጄሶ ቀረጹ፤ መለሱ፤ ተቀበሩ። ጉበታቸው ግን እዚያው ቀረ። የተያያዘው ጉበት አሁንም ከጄሶው ሥር ተቀምጧል። ባለቤቴ «ሰውየው ሲነሳ ጉበቱን ከየት ያመጣዋል?» አለች። የትንሣኤን ነገር ማለቷ ነው። ልጄ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም።

ልጆቹ ብዙ የቆዩት መሳቢያዎቹ ጋ ነው። እኔም። ሼቫሊዬ ጃክሰን የሚባል የጉሮሮ ሐኪም ነበር (1865 እስከ 1958)። ሰው የዋጠውን፣ የተነፈሰውን፣ ጉሮሮና ሳንባ ውስጥ የተቀረቀረውን ነገር፣ ሆድም ደረትም ሳይከፍት፣ በአፍ በሚገባ ቀጭን ቱቦና ረጅም መቆንጠጫ ያወጣ ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የዋጠ ልጅ ብዙውን ጊዜ ይሞት ነበር። መሣሪያዎቹን የሚፈለስፈው ራሱ ነው። ከአብዛኛው በሽተኛ ላይ ያለ ማደንዘዣ ነው የሚያወጣው። ያወጣትን እያንዳንዷን ነገር መዝግቦ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ አስቀመጠ፤ ባለቤቶቹ ቢለምኑትም አይመልስም። 2,374 ነገሮች አሉ። መርፌ ቁልፍ በየዓይነቱ፣ የተከፈተ፣ የተዘጋ፤ ሚስማር፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ አጥንት፣ የጥርስ ቁራጭ፣ ትንንሽ መጫወቻዎች። አንዷ ከትምህርት ቤት ሳይቀር ዓመቱን ሙሉ ለተገኘ ተማሪ የምትሰጥ ባጅ ናት። ያችን ሳይ መምህር ነኝና ቆምኩ። ልጁ አንድ ቀን አልቀረም፣ ተሸለመ፣ ሽልማቱን ዋጠው።

ልጄ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች አሥር ሳንቲም ውጣ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሙዝ አበላት፤ ሁለት ቀን ጠበቅን። ይህን ለልጆቿ ስነግር እናታቸውን እንደ ሙዚየም ዕቃ አዩዋት። ባለቤቴ ደግሞ «እኛ ጉሮሮ የምናውቀው እንጥል ሲቆረጥ ነው» ብላ ጨመረች፤ ከዚያ እንጥል ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀን።

ጃክሰን ግን ያወጣውን በመደርደር ብቻ አልቆመም። በዚያ ዘመን ለጽዳትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ኮስቲክ ሶዳ በየወጥ ቤቱ ይቀመጥ ነበር፤ ነጭ ነው፣ ስኳር ይመስላል። የቀመሰው ልጅ ጉሮሮው ይቃጠላል፣ ከዚያ ጠባሳው ይዘጋዋል፣ ውኃ እንኳ አያልፍም። ጃክሰን እነዚህን ልጆች ለዓመታት ጉሯሯቸውን በጥቂት በጥቂቱ እያሰፋ አከመ። እያከመ ደግሞ ምክር ቤት ደጅ ጠና። በ1927 እንዲህ ያለ ኬሚካል ዕቃው ላይ መርዝ መሆኑ እንዲጻፍበት የሚያዝ ሕግ ወጣ። ዛሬ ቤታችሁ ያለው በረኪና ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ስታዩ ይህን ሰው አስቡት። እነዚህ መሳቢያዎች ለኔ ከሙዚየሙ ሁሉ ይበልጣሉ፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ባለቤት ከሞላ ጎደል ድኖ ቤቱ ሄዷል።

የፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ነገር ደግሞ ያስቃል፣ ለኛም አዲስ አይደለም። በ1893 ላንቃቸው ላይ ዕጢ ወጣ። አገሪቱ የገንዘብ ቀውስ ውስጥ ናትና ሕዝብ ከሰማ ይብሳል ተብሎ፣ ሐምሌ 1 ቀን ዓሣ ማጥመድ የሄዱ አስመስለው በግል መርከብ ላይ ባሕር መሃል ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። እውነቱን ከቀዶ ሐኪሞቹ አንዱ የጻፈው በ1917 ነው። የዕጢው ቁራጭ ሙተር ውስጥ ነው። የዳግማዊ ምኒልክን ሕመም፣ ኋላም ሞታቸውን ስንት ጊዜ እንደደበቅን ለምታስታውሱ ተማሪዎቼ፣ መንግሥት በመርከብም ይሁን በእልፍኝ ያው ነው።

የአይንስታይን የአንጎል ስስ ቁራጮችም አሉ፣ በመስታወት ላይ የተለጠፉ። በ1955 ሲሞት የመረመረው ሐኪም ቤተሰቡን ሳያስፈቅድ ነው አንጎሉን ያወጣው። ቀባሪ ያጣ ድሃ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ዓለም ያወቀው ሰውም አልተጠየቀም።

የተጠየቁ፣ እንዲያውም ራሳቸው የጠየቁ ሁለት ሰዎች ግን አሉ። ሃሪ ኢስትላክ በ1933 የተወለደ የፊላደልፊያ ልጅ ነው። በሽታው በሚሊዮን ሰው አንድ የማይሞላ ነው። ጡንቻው፣ ጅማቱ፣ ቀስ በቀስ ወደ አጥንት ይለወጣል። ቢወድቅ፣ ቢመታ፣ ሐኪም ሊያቃናው ቢቀደው፣ በቁስሉ ቦታ አዲስ አጥንት ይበቅላል። በመጨረሻ መንጋጋው ተቆልፎ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር። 40 ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት፣ በ1973 ሞተ። ከመሞቱ በፊት አጽሙን ለሐኪሞች እንዲሰጡለት ተናገረ፤ ከሱ በኋላ ለሚወለዱት ይጠቅም እንደሆን። አጽም ለማቆም ሌላ ጊዜ ሽቦ ያስፈልጋል፤ ከሥጋ ሲለይ ይበታተናላ። የሃሪ ግን ከሞላ ጎደል በራሱ ቆመ፤ ሁለተኛ አጥንት አቅፎ ይዞታል። በ2006 እዚያው ፊላደልፊያ የበሽታው መንስኤ የሆነው ጂን ተገኘ።

ካሮል ኦርዘል የምትባል ሴት ይኸው በሽታ ነበረባት። የሃሪን አጽም መጥታ አይታዋለች። እኔም ስሞት እዚሁ አጠገቡ አቁሙኝ አለች፤ አንድ ነገር ጨምራ፦ ጌጣጌጤም አብሮኝ ይታይ። በ2018 ሞተች። በ2019 እንዳለችው ሆነ፤ አጽሟ ከሃሪ ጎን ነው፣ ጌጣጌጧም አለ።

ባለቤቴ እዚህ ጋ ብዙ ቆመች። ምንም አላለችም፤ የልጅቷን ጌጥ ግን አንድ በአንድ አየችው። ጌጥ ታውቃለች።

በ2023 ሙዚየሙ ራሱ ይህን ነገር ማንሳት ጀምሮ ነበር። ዩቲዩብ ላይ የነበሩ ቪዲዮዎቹን አነሳ፤ ያለን አካል የማን ነው፣ እንዴት መጣ፣ ማሳየቱስ ይገባል ወይ ብሎ መመርመር ያዘ። አንዱ ወገን ጊዜው ነው አለ፤ ሌላው ሙዚየማችንን ልትዘጉብን ነው ብሎ ተቆጣ። ከሚቆጡት ውስጥ ራሳቸው ያልተለመደ በሽታ ያለባቸው ሰዎችም አሉ፤ «እኔን የሚመስል ሰው ያየሁት እዚያ ብቻ ነው» የሚሉ። ሁለቱንም ወገን ሰምቼ በአንዱ ብቻ መፍረድ አቃተኝ። ለሃሪና ለካሮል ሙዚየሙ ይከፈት፤ ለግዙፉ ሰውዬ ግን ጉድጓድ ይቆፈርለት፤ እኔ የምለው ይህን ነው።

እኛም በዚህ ነገር ውስጥ አለንበት። በሚያዝያ 1860 በኛ አቆጣጠር፣ ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ እንግሊዞች ከሬሳቸው ጸጉር ሸልተው ወሰዱ። ያ ጸጉር ከ1959 ጀምሮ ለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ ዕቃ ሆኖ ተቀመጠ። በመጋቢት 2011 በኛ አቆጣጠር ተመለሰ። ያኔ «ለጸጉር ይህ ሁሉ ግርግር!» ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ስለ መቅደላ ሳስተምር ተማሪዎቼ ከመድፉም ከዘውዱም ይልቅ ጸጥ የሚሉት ጸጉሩ ጋ ስደርስ ነበር። ታስታውሳላችሁ። አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ማን አስፈቅዷቸው?» ያለችው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ያቺን ልጅ ፊላደልፊያ ላይ ባለቤቴ ጎን ባቆማት ደስ ይለኝ ነበር።

ከሙዚየሙ ወጥተን ምዕራብ ፊላደልፊያ ሄደን ምሳ በላን፤ እዚያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ሕፃናቱ ከዚያ ሁሉ በኋላ ክትፎ አዘዙ፤ የልጅ ሆድ። እጃችንን ታጥበን ሳንጀምር ልጁ «እማዬ፣ አንቺም እኮ ሰውነትሽን ትሰጫለሽ፣ መንጃ ፈቃድሽ ላይ አለ» አለ።

ፀጥ አልን። ልጄ ነርስ ናት። እዚህ አገር መንጃ ፈቃድ ስታወጡ፣ ስትሞቱ ኩላሊታችሁን፣ ልባችሁን፣ ዓይናችሁን ለሌላ በሽተኛ ትሰጣላችሁ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እሺ ካላችሁ ካርዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። እሷ እሺ ብላለች። እኛ አናውቅም ነበር።

ባለቤቴ እጇን ከመሶቡ መለሰች። «ማንን አማክረሽ ነው? አባትሽን? የንስሐ አባትሽን?» አለቻት።

«እማዬ፣ እኔን ጠየቁኝ። እኔም እሺ አልኩ።»

«ያለ ልብ ልትቀበሪ?»

«ከዚያ በኋላ የቀረውን ትቀብሩታላችሁ። ሙዚየም አይደለም እኮ።»

አማቼ እንጀራውን ቆርሶ ለባለቤቴ አጎረሳት። እምቢ ማለት አይቻልም፣ ጎረሰች። ነገሩ በዚያ ቀን አላለቀም፤ ሜሪላንድ እስክንመለስ ሁለት ሰዓት ከምናምን መኪና ውስጥ ሲነሳ ሲወድቅ መጣ፤ ይህን እየጻፍኩ ሳለም ወጥ ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ስለሱው ሲያወሩ ይሰማኛል።

አሁን አንድ የምጠይቃችሁ አለ። ከተማሪዎቼ መሃል ሐኪም የሆናችሁ ከሃያ አታንሱም፤ ጥቁር አንበሳም፣ ጎንደርም፣ ጅማም የተማራችሁ። አንደኛ ዓመት ላይ እያገላበጣችሁ ያጠናችሁባቸው አጥንቶች ከየት እንደመጡ የነገራችሁ ሰው ነበር? ጠይቃችሁስ ታውቃላችሁ? በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።